የአርቪ ስከርቲንግ ለብርዱ ወራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መጀመሪያ ስለ ቃሉ እንግባባ። አገር ቤት ክረምት ማለት ዝናብ፣ ጭቃና ጃንጥላ ነው። እዚህ ክረምት የምለው ግን ከኖቬምበር እስከ ማርች ያለውን፣ ቧንቧ የሚሰነጥቀውን ብርድ ነው። ዴንቨር አጠገብ 30 ጫማ ርዝመት ባለው ትሬለር፣ ማለትም በመኪና በሚጎተት አርቪ (ተንቀሳቃሽ ቤት)፣ ሁለት ክረምት አሳልፌአለሁ። እናቴ ስትሰማ «መኪና ውስጥ?» ብላ ስልኩ ላይ ዝም አለች። የመጀመሪያው ክረምት አሳሬን አበላኝ። ሁለተኛው ደህና አለፈ። ልዩነቱን ያመጣው በአብዛኛው ከወለሉ በታች ያለው ነገር ነበር። ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ስከርቲንግ ምንድን ነው?

በአርቪው ወለልና በመሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት ዙሪያውን የሚዘጋ ከለላ ነው። ስሙ ከቀሚስ የመጣ ነው። ቤቱ እስከ መሬት የሚደርስ ቀሚስ ለበሰ እንደ ማለት።

ከወለሉ ሥር የውሃ ቧንቧዎች፣ የንጹህ ውሃ ታንከር፣ የእጣቢ ታንከርና የመጸዳጃ ታንከር አሉ። ክፍተቱ ካልተዘጋ ነፋሱ እንዳሻው ይገባል፣ ይወጣል። ሲዘጋ ግን ሁለት ምንጭ ያለው ሙቀት እዚያው ይቆያል፦ ከወለሉ ወደ ታች የሚያመልጠውና ከመሬቱ የሚወጣው። መሬት ከላይ ካለው አየር ይልቅ ቀስ ብሎ ነው የሚቀዘቅዘው። ስለዚህ በሌሊት ከሥራችሁ ያለው አፈር በነጻ ያሞቃችኋል።

ነፋሱ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል?

አዎ፣ ግን ብዙ ሰው በሚያስበው መንገድ አይደለም። ነፋስ ቧንቧን ከአየሩ ሙቀት በታች አያወርደውም። አየሩ ከዜሮ በላይ 2 ዲግሪ ሴልሺየስ ከሆነ የፈለገውን ያህል ቢነፍስ ውሃው በረዶ አይሆንም። ነፋስ የሚያደርገው መቀዝቀዙን ማፋጠን ነው። ነፋስ በሌለበት እስኪነጋ ሊቆይ የሚችል ቧንቧ፣ ነፋስ ካገኘው እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ውስጡ በረዶ ይሆናል።

ስለዚህ ስከርቲንግ ስትመርጡ ከውፍረቱ በፊት ክፍተቱን አስቡ። ወፍራም ሆኖ ቀዳዳ ካለው ይልቅ ስስ ሆኖ በደንብ የተዘጋው ይሻላል። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ሦስቱን ጎን በወፍራም ፎም ቦርድ (ሙቀት በሚይዝ ቀላል የፕላስቲክ ሰሌዳ) ዘጋሁ። የኋላውን «ቅዳሜ እጨርሰዋለሁ» ብዬ ተውኩት። ቅዳሜ ሳይደርስ ሐሙስ ሌሊት ከሰሜን ነፈሰ። ጠዋት ቧንቧውን ብከፍተው ጠብታ የለም።

ለጥቂት ሌሊቶች ብርድ ያስፈልገኛል?

ሌሊት ላይ ለሁለት ለሦስት ሰዓት ብቻ ከዜሮ ዝቅ የሚል ከሆነ አያስፈልግም። የውሃውን ጎማ ፍቱ፣ ከታንከሩ ተጠቀሙ፣ ከመታጠቢያው ሥር ያሉትን የቁም ሳጥን በሮች ከፍታችሁ እደሩ። በተከታታይ ሌሊቶች ከዜሮ በታች 7 (በፋራናይት 20) የሚደርስ ከሆነ፣ ወይም ቀኑም ጭምር ከዜሮ በላይ ካልወጣ ያስፈልጋችኋል። ሚኒሶታ ወይም ኖርዝ ዳኮታ ከሆናችሁ ይህን ጥያቄ መጠየቅም አያስፈልግም።

የእኔ አርቪ «ለአራቱም ወቅት የተሠራ» ነው ተብዬ ነው የገዛሁት። አሁንም?

አሁንም። ቃሉ ሁሉም አምራች የሚስማማበት ትርጉም የለውም። አብዛኛውን ጊዜ ወለሉ ከሥር ተሸፍኗል፣ የፉርነሱ (የአርቪው የጋዝ ማሞቂያ) ሙቅ አየር ወደዚያ በቱቦ ይደርሳል ማለት ነው። ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን ያንን ሁሉ የሚያሞቀው የእናንተ ፕሮፔን ጋዝ ነው።

ሒሳቡን እንየው። በሰዓት 30,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) የሚያቃጥል ፉርነስ አለ እንበል። አንድ ጋሎን ፕሮፔን 91,500 ቢቲዩ ገደማ ይሰጣል። 30 ፓውንድ የሚይዘው ሲሊንደር ውስጥ ያለው 7 ጋሎን አካባቢ ነው። ያለማቋረጥ ቢነድ በ21 ሰዓት ገደማ ያልቃል። እርግጥ ፉርነስ ያለማቋረጥ አይነድም፤ እየጠፋ እየበራ ነው የሚሠራው። ስከርቲንግ የጠፋበትን ጊዜ ያረዝመዋል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ በፒጃማ ወጥቶ ሲሊንደር የቀየረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ምን ምን ዓይነት አለ? የትኛውን ልምረጥ?

መልሱ በሁለት ነገር ይወሰናል፦ ምን ያህል ይበርዳል? ስንት ጊዜ ትንቀሳቀሳላችሁ?

ክረምቱን ሙሉ አንድ ቦታ የምትቆሙ ከሆነና ገንዘብ መቆጠብ ከፈለጋችሁ ፎም ቦርድ ነው። የእኔ ምርጫም ይኸው ነው። ከግንባታ ዕቃ መደብር ትገዛላችሁ፣ በቢላ ትቆርጣላችሁ፣ በቴፕ ታያይዛላችሁ። መልኩ አያምርም። ብርድን ግን ከሌሎቹ ሁሉ በተሻለ ይከላከላል።

በየጥቂት ሳምንቱ የምትንቀሳቀሱ ከሆነ ቪኒል ይሻላል። ከጭነት መኪና ሸራ ጋር ይመሳሰላል። እንደ ጃኬት ቁልፍ ጠቅ እያለ የሚያያዝ አለ፤ በጎን ግድግዳው ላይ በተገጠመ ሐዲድ ውስጥ እየተንሸራተተ የሚገባም አለ። ሐዲዱን እወደዋለሁ፤ በቁልፍና በቁልፍ መካከል የሚቀረው ክፍተት የለበትም። በልክ የሚሰፋው ዋጋው ሺዎች ዶላር ሊደርስ ይችላል፤ በደንብ ከተያዘ ግን ብዙ ክረምት ያገለግላል። ስትገዙ «እስከ ስንት ዲግሪ ሳይሰነጠቅ ይቆያል?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥሩው እስከ ከዜሮ በታች 40 ይባላል። (40 ላይ ሴልሺየስና ፋራናይት እኩል ስለሆኑ የትኛው ነው ብላችሁ አትጨነቁ።) ተራው ሰማያዊ ሸራ በብርድ ይደርቃል፣ በነፋስ ይቀደዳል። ለአንድ ሳምንት እንጂ ለክረምት አይሆንም።

ሦስተኛው በአየር የሚነፋው ነው። ኤርስከርትስ የሚባለው በዚህ ይታወቃል። ረጃጅም ቱቦዎች ናቸው፤ ከአርቪው ሥር አስገብታችሁ በፓምፕ ስትነፏቸው በወለሉና በመሬቱ መካከል ይወጠራሉ። ምንም መብሳት፣ ምንም ማጣበቅ የለም። ፍጥነቱን የሚያህል የለም። ድክመቱ ዋጋውና ብርዱ ራሱ ነው፤ አየር ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር በከባድ ብርድ እየዞራችሁ ደግማችሁ መንፋት አለባችሁ።

እንጨትና ቆርቆሮም አለ። አርቪውን ለዓመታት ላይነቅሉት ላቆሙ ሰዎች ነው።

ቪኒል ስስ ጨርቅ ነው። በእውነት ያሞቃል?

ብቻውን ሙቀት የመያዝ አቅሙ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሥራው ነፋስ ማቆም ነው፣ እሱን ደግሞ በደንብ ይሠራል። ብርዱ ሲጠና ከኋላው ፎም ቦርድ ማቆም ትችላላችሁ። ከውጭ ያማረ፣ ከውስጥ የሞቀ። ብዙ የቆዩ ሰዎች የሚያደርጉት ይህንን ነው።

ፎም ቦርድ ልግዛ ስል ሮዝ፣ ሰማያዊ፣ ነጭና ብርማ አየሁ። የቱ ነው?

ሻጩ «አር ቫልዩ» ይላችኋል። ሙቀት እንዳያመልጥ የመከላከል አቅም መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ይሻላል። ሮዙና ሰማያዊው ያው አንድ ዓይነት ናቸው፣ ልዩነቱ የአምራቹ ነው። በአንድ ኢንች ውፍረት አር ቫልዩአቸው 5 ገደማ ነው። ጠንካራ ናቸው፣ ውሃም ብዙ አይጠጡም። ነጩ 4 ገደማ ነው፤ ይረክሳል፣ ግን ስትቆርጡት እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ይበተናል። በፎይል የተሸፈነው ብርማው ወረቀቱ ላይ 6 ገደማ ይባላል፤ ነገር ግን ብርዱ ሲበረታ አቅሙ ይቀንሳል። ሞኝነት ነው፤ ለብርድ የገዛችሁት በብርድ ይደክማል።

ባለ 2 ኢንቹን ሮዝ ወይም ሰማያዊ ግዙ። ፀሐይ ላይ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ፊቱ እየደረቀ ዱቄት ስለሚሆን፣ ከአንድ ክረምት በላይ ካሰባችሁ ቀለም ቀቡት። ቀለሙ በውሃ የሚበጠበጥ ይሁን፤ አንዳንድ የስፕሬይ ቀለም ፎሙን እንደ ስኳር ያቀልጠዋል።

ስንት ሰሌዳ ያስፈልገኛል?

አንድ ሰሌዳ 4 በ8 ጫማ ነው። የእኔን ትሬለር እንውሰድ፦ ርዝመቱ 30፣ ወርዱ 8 ጫማ። ዙሪያው 76 ጫማ ይሆናል። ከመሬት እስከ ወለሉ ጠርዝ 24 ኢንች ከሆነ አንዱን ሰሌዳ ለሁለት በርዝመቱ ሰንጥቃችሁ 16 ጫማ ትሸፍኑበታላችሁ። 5 ሰሌዳ ይበቃል።

ከፍታው 30 ኢንች ከሆነስ? ከአንድ ሰሌዳ አንድ ቁራጭ ብቻ ነው የሚወጣው። 10 ሰሌዳ ያስፈልጋል። 6 ኢንች ወጪያችሁን እጥፍ አደረገችው ማለት ነው። መላው ቀላል ነው፦ ከሥር ቱ ባይ ሲክስ የሚባለውን እንጨት (ስሙ 6 ይበል እንጂ ወርዱ 5.5 ኢንች ነው) በጎኑ አቁሙ፣ ፎሙን በላዩ ላይ። የቀረችውን ግማሽ ኢንች በአፈር ወይም በአሸዋ ትዘጓታላችሁ።

ከፍታውን አንድ ቦታ ብቻ ለክታችሁ አትሂዱ። መሬት ደልዳላ መስሎ ያታልላል። በየ4 ጫማው ለኩ። ቪኒል የምታሰፉ ከሆነ ከሥር 6 ኢንች ያህል ትርፍ አስቀሩ፤ ወደ ውስጥ ታጥፎ አሸዋ የሞላ ከረጢት ይጫንበታል።

ስላይድ አውቱን (ከአርቪው ጎን ወደ ውጭ ተንሸራቶ የሚወጣውን ክፍል) እንዴት ላድርገው?

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ስላይዱ እንደሌለ ቆጥሮ በዋናው ግድግዳ መስመር ቀጥ ብሎ መዝጋት ነው። ይቀላል። ግን የስላይዱ ወለል አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ሶፋው ላይ ስትቀመጡ እግራችሁ ይነግራችኋል። ሁለተኛው የስላይዱን ቅርጽ ተከትሎ ዞሮ መዝጋት ነው። ዕቃም ጊዜም ይበላል፤ እኔ ግን ይህንን ነው የምመክረው። የመጀመሪያውን ከመረጣችሁ ቢያንስ ከፎሙ የተረፈውን ቁራጭ ከስላይዱ ሆድ ሥር በእንጨት ደግፋችሁ አስጠጉት።

መቼ ልጀምር?

ኦክቶበር ሳያልቅ። ምክንያቱ ስንፍናን መገሰጽ አይደለም። ማጣበቂያዎች አብዛኞቹ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች በደንብ አይዙም። ግድግዳውን በአልኮል ጠርጋችሁ፣ በሞቀ ቀን አጣብቃችሁ፣ ክብደት ሳትጭኑበት ጥቂት ቀን መተው ይሻላል። መሬቱም በብርድ ከጠጠረ በኋላ ካስማ አይገባም። ዴንቨር ላይ ቀን በቲሸርት ወጥታችሁ ሌሊት ውርጭ የሚጥልበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ያ መለዋወጥ ነው ቴፕ የሚያስለቅቀው። ፎይል ቴፑን ደግሞ ፎምን ከፎም ለማያያዝ ብቻ ተጠቀሙበት። ግድግዳው ላይ ከለጠፋችሁት በጸደይ ከቀለሙ ጋር ነው የሚላቀቀው።

ጭድ ደርድሬ ብዘጋስ? በረዶስ?

ጭድ ርካሽ ነው፣ ድሮም ሲሠራበት የኖረ ነው። እኔ ግን አልመክርም። እርጥበት ይጠጣል፣ ይሻግታል፣ ለአይጥ ሆቴል ይሆናል። አንዲት ብልጭታ ደግሞ ትበቃዋለች፤ እናንተ ከላዩ ተኝታችኋል።

በረዶ ግን ወዳጅ ነው። አዲስ የወረደ ደረቅ በረዶ በውስጡ ብዙ አየር ስላለው ሙቀት ይይዛል። ከስከርቲንጉ ውጭ በኩል በአካፋ ከምሩት፤ የታችኛውን ክፍተት እንደ እሱ የሚዘጋ የለም። የፉርነሱን የጭስ መውጫ ብቻ እንዳትቀብሩት።

ከሥር ማሞቂያ ማስገባት አለብኝ?

መጀመሪያ ቴርሞሜትር አስገቡ። ገመድ አልባው ርካሽ ነው፤ አንዱን ክፍል ከሥር፣ አንዱን ከአልጋችሁ አጠገብ። በደንብ በተዘጋ አርቪ ከሥር ያለው ከውጭው በጣም ሞቆ ታገኙታላችሁ። ወደ 2 ዲግሪ እየወረደ ከሆነ ያኔ ማሞቂያ አስቡ። በቴርሞስታት (በሙቀት መቆጣጠሪያ) የሚሠራ የሶኬት ማከፋፈያ አለ፤ 2 ዲግሪ አካባቢ ራሱ ያበራል፣ 7 ሲደርስ ያጠፋል። ማሞቂያው ሲወድቅ ራሱን የሚያጠፋ ይሁን፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቀመጥ፤ ከፎሙም ይራቅ። ፎም ይነዳል፣ ጭሱም መርዝ ነው። ለዶሮ ማሞቂያ የሚሆነውን ቀይ አምፖል አንጠልጥሎ መተው የሚሉ አሉ። እኔ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ኤሌክትሪኩንም ቁጠሩ። 1,500 ዋት ማሞቂያ 12.5 አምፒር ይወስዳል። የ30 አምፒር መስመር ላይ ሁለት ማሞቂያ አብርታችሁ ሽሮ በማይክሮዌቭ ላሙቅ ካላችሁ ብሬከሩ ይወርዳል።

አደጋ አለው?

አለው። እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ፕሮፔን ከአየር ይከብዳል። ከሥር ቢያፈስ ነፋስ አይወስደውም፤ በስከርቲንጉ ውስጥ እንደ ውሃ ይተኛል። የትሬለሩን ሲሊንደሮች ከስከርቲንጉ ውጭ ተዉ። ሞተርሆም (የራሱ ሞተር ያለው አርቪ) ላይ የጋዝ ታንከሩ ከሥር የተገጠመ ስለሆነ እዚያ ጋ አየር ማስገቢያና የሚከፈት በር አድርጉ፤ የጋዙ መዝጊያ በጨለማም በእጅ የሚደረስ ይሁን። ከወለሉ አጠገብ የሚገጠመው የጋዝ ጠቋሚ እየሠራ መሆኑን ፈትኑ።

ጄኔሬተር ያለው አርቪ ከሆነ ጭሱ በስከርቲንጉ ውስጥ እንዳይቀር። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው የጭሱ መርዝ ሽታ የለውም፣ በወለሉ ቀዳዳ ወደ መኝታችሁ ይመጣል። ስከርቲንግ እስካለ ድረስ የተገጠመውን ጄኔሬተር ባታስነሱት ይሻላል። የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ምን እንደሚያደርግ እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል፤ ይህም ያው ነው።

ቤቱን በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ብቻ ባሞቅ ፕሮፔን አላተርፍም?

ታተርፋላችሁ፣ ቧንቧችሁን ግን ልታጡ ትችላላችሁ። የፉርነሱ ሙቅ አየር ከወለሉ ሥር በሚያልፍባቸው አርቪዎች ታንከሮቹን የሚያሞቀው እሱ ነው። ክፍሉ በኤሌክትሪክ ከሞቀ ቴርሞስታቱ «በቃኝ» ይላል፣ ፉርነሱ አይነሳም፣ ከሥር ያለው ውሃ በረዶ ይሆናል። እናንተ በካልሲ ላብ በላብ ሆናችሁ ከሥራችሁ በረዶ። ሌሊት ሌሊት ፉርነሱ እየተነሳ እንዲሠራ ኤሌክትሪኩን ዝቅ አድርጉት።

ሁሉንም ዘግቼ ውሃዬ በረዶ ሆነ። ለምን?

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከስከርቲንጉ ውጭ ነው። አርቪው ከቆመበት ፓርክ ቧንቧ እስከ አርቪው ያለው የውሃ ጎማ ተራ ጎማ ከሆነ መጀመሪያ በረዶ የሚሆነው እሱ ነው። ማሞቂያ ሽቦ ያለው ጎማ ግዙ፤ የፓርኩን ቧንቧ አንገት ራሱን ጠቅልሉ። አለበለዚያ ታንከሩን ቀን ሙሉትና ጎማውን ፍቱ።

የፍሳሹ መስመር ሌላው ነው። ቫልቩን ክፍት አትተዉት። እየተንጠባጠበ የሚሄድ እጣቢ ቱቦው ውስጥ እየረጋ ይደፍነዋል። የመጸዳጃውን ክፍት ከተዋችሁት ደግሞ ፈሳሹ ሄዶ ደረቁ ይቆለላል፤ ከዚህ በላይ አልዘረዝርም። ዝጉ፣ ሊሞላ ሲል በአንድ ጊዜ ልቀቁ፣ ቱቦው ቁልቁል ዘንበል ይበል።

ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ገደማ ይሰፋል። ዘመናዊው የፕላስቲክ ቧንቧ ትንሽ ይለጠጥለታል። የሚሰነጠቁት መጋጠሚያዎቹና ቫልቮቹ ናቸው። ስለዚህ በረዶው ሲቀልጥ ፓምፑን ከማስነሳታችሁ በፊት እነሱን በባትሪ መብራት እዩአቸው።

አይጥስ?

ትመጣለች። ሙቅና ጨለማ ቦታ አዘጋጅታችሁላታልና። ቧንቧና ሽቦ ወደ ላይ የሚያልፍባቸውን ቀዳዳዎች በብረት ሱፍ ድፈኑ። ከሥር መሬቱ ላይ ወፍራም ላስቲክ አንጥፉ፤ የአፈሩን እርጥበት ስለሚከለክል ወለላችሁም አይሻግትም። ወጥመድ ካስቀመጣችሁ በየሳምንቱ እዩት።

ፓርኩ ይፈቅድልኛል?

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቁ። አንዳንዱ ፎም ቦርድና ጭድ በመልኩ ምክንያት አይፈቅድም፣ አንዳንዱ ደግሞ ስከርቲንግ የሌለውን በክረምት አያስተናግድም። መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። እኔ ቢሮው ውስጥ «ችግር የለም» ተብዬ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ሰው «አንሳ» ብሎኛል።

በጸደይ ስፈታው?

የታችኛው ጠርዝ በበረዶ ተይዞ ከሆነ አትጎትቱት፣ ይቀደዳል። እስኪቀልጥ ጠብቁ። ቪኒሉን ሳይደርቅ አትጠቅልሉት። ፎሙን ከመንቀላችሁ በፊት እያንዳንዱ ሰሌዳ ላይ «ቀኝ 1፣ ቀኝ 2፣ ኋላ 1» እያላችሁ በወፍራም እስክሪብቶ ጻፉበት፣ ወደ ላይ የሚሆነውንም በቀስት ምልክት አድርጉ። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ሳልጽፍ ቀረሁና በሚቀጥለው ኦክቶበር ግማሽ ቀን ሙሉ እንቆቅልሽ ስገጣጥም ዋልኩ።